ገና በአሶሳ፤ ባለቤቴና የክልሉ ባለቤቶች

በዓል በመጣ ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚደርሰን ገና አንድ ዓይነት ነው። ቴሌቪዥኑ የበግ ተራውን ያሳያል፤ ጋዜጠኛው ማይክራፎኑን ለአንድ ሸማች አቅርቦ ‹‹ዘንድሮ ገበያው እንዴት ነው?›› ይላል፤ ሸማቹም ‹‹ከአምናው ጨምሯል›› ብሎ ይመልሳል። በማግስቱ ላሊበላ ላይ ካህናቱ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው ዐለት ላይ ዙሪያውን ቆመው ሲያሸበሽቡ እናያለን። ማታ ዘፈንና ቀልድ ይቀጥላል። በዚህ ሁሉ ቅሬታ የለኝም፤ እኔም ከነቤተሰቤ ተቀምጬ አያለሁ። ነገር ግን በዚያ ገና ውስጥ አሶሳ የለችም። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ያለች ከተማ ናትና ስሟ የሚነሣው ወይ ወርቅ ሲወጣ ወይ ደም ሲፈስ ነው፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ግድቡ ሲነሣ ክልሉ አብሮ ይነሣል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ለዛሬ ፓርቲዎቹንና መግለጫዎቻቸውን ወደ ጎን ልተውና ስለ አንድ ቤት የ2018 ዓ.ም. ገና ላውጋህ። ቤቱ የእኔ ነው። ፖለቲካው ግን በጓሮ በር ገብቶ እንደሚጠብቀን ከወዲሁ ላስጠንቅቅ።

አምስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሰባት ዓመት የሞላት ልጃችን፣ አራት ዓመቱን የያዘው ወንድሟና እናቴ። እናቴ ወደዚህ አገር የመጣችው በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ነው፤ ከወሎ፣ ከረሃቡ። የዚያን ጊዜ ሰፋሪዎች የወረዱባቸው መንደሮች ዛሬም አምባ፣ መገሌ፣ ሰልጋ እየተባሉ ከቁጥር ጋር ይጠራሉ። ሰው ተወልዶ ያደገበትን ቀዬ በቁጥር ሲጠራ ለእንግዳ ጆሮ የእስር ቤት ክፍል ይመስል ይሆናል፤ ለእኛ ግን ቁጥሩ ራሱ አገር ሆኗል። እኔ የተወለድኩት ከእነዚህ ቁጥሮች በአንዱ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ከአባይ ማዶ፣ ከመተከል፣ የቡለን ልጅ ናት፤ ሺናሻ። አባይ ክልላችንን ለሁለት ይከፍለዋል። በንጉሡ ዘመንና በደርግም ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የእርሷ ወገን በጎጃም፣ ይህኛው ወገን በወለጋ ሥር ይተዳደር ነበርና፣ አንድ ክልል ባንሆን ኖሮ እርሷ ጎጃሜ፣ እኔ ወለጌ ተብለን እንጋባ ነበር ማለት ነው። የተገናኘነው ግን አሶሳ ላይ፣ በሥራ ቦታ ነው። ዝርዝሩ ለእናንተ አይጠቅማችሁም።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። አርባ ሦስት ቀን ሙሉ ትንሹ ልጄ በየማለዳው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ‹‹ዛሬ ነው?›› የሚል። እንዲህ ላለ ሕፃን ጾም ማለት የእንቁላል እጦት ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ትምህርት ነው። ለነገሩ እርሱ አይጾምም፤ አያቱ ጾመኛ ስለሆነች ብቻ ጾመኛ ነኝ ይላል። ዘንድሮ ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ስለዋለ ትልቋ ሌላ ጭንቀት ይዛ መጣች። ረቡዕ ሥጋ ይበላል ወይ? እናቴ ገናና ጥምቀት ረቡዕና ዓርብ ላይ ቢውሉ እንኳ እንደሚፈሰክባቸው አስረዳቻት። ልጅቱ ግን በቀላሉ አልተረታችም፤ ‹‹ማን ፈቀደ?›› አለች። እናቴ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔም ፍትሐ ነገሥቱ እንደሚፈቅድ ነገርኳት። ‹‹ሕግ ነው?›› ‹‹አዎን፣ ሕግ ነው።›› ሕግ ከሆነ እሺ አለች። ይህች ልጅ ለሕግ ያላት እምነት ያስፈራኛል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

የገናው ዛፍ ጉዳይ ደግሞ ነበር። ልጆቹ በቴሌቪዥን ጥጥ የለበሰውን ዛፍ አይተዋል። አዲስ አበባ የጽድ ቅርንጫፍ ይሸጣል፤ ከቻይና የመጣ የፕላስቲክ ዛፍም ሞልቷል። አሶሳ ላይ የተረፈን ሽመል ነው። ለማያውቀው አንባቢ፣ ሽመል የቆላው ቀርከሃ ነው፤ እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት አይደለም፣ ድፍን ነው፤ ለአጥርም ለቤትም ለአልጋም ይሆናል፤ ቡቃያውን ደግሞ የአገሬው ሰው ይበላዋል። እናም አንድ የሽመል ቅርንጫፍ በጆንያ አሸዋ ውስጥ ተክለን፣ በከረሜላ ወረቀትና በአያታቸው የሚፈተል ጥጥ አስጌጥነው። ትንሹ ጥጡ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ‹‹በረዶ ነው›› አልኩት። በረዶ ለእርሱ በክረምት የቤቱን ቆርቆሮ የሚደበድበው ነገር ነውና ዛፉን በጥርጣሬ ተመለከተው። ‹‹ዛፉ አይጎዳም?›› አለ። የታኅሣሥ አሶሳ ሰማይ የሚቃጠል ሣር ጢስ ለብሶ፣ ማንጎው አብቦ፣ እኛ በቀኝ እጃችን እየተራገብን በግራ እጃችን በረዶ እናንጠለጥላለን። የፈረንጁ የገና አባት በዚህ ሙቀት ያን ካፖርት ለብሶ ቢመጣ ከመናኸሪያው ሳይወጣ በወደቀ ነበር።

የዋዜማው ዕለት አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ‹‹ግድቡ ደክሞት ነው?›› አለ ትንሹ። በትምህርት ቤትም በቤትም የሰማው ሁሉ መብራት ከግድቡ እንደሚመጣ፣ ግድቡም በእኛ ክልል፣ ጉባ ላይ እንዳለ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ቤታችን ሙሉ ቁጭ ብሎ አይቶታል፤ እናቴም እልል ብላለች፤ ባለቤቴም ጉባ የመተከል ነው ብላ ኮርታለች። አምስት ሺህ ከአንድ መቶ ሃምሳ ሜጋ ዋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአራት ዓመት ልጅ ማስረዳት ከባድ ነው፤ በሻማ ብርሃን ሽንኩርት እየከተፉ ለእናቱ ማስረዳት ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ። ልጁም ‹‹ዐረፈ›› አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ድስቶቹ ልግባ።

በቤታችን ሁለት የወጥ ድስት አለ። አንደኛው የዘወትር ነው። ሁለተኛው ከቁም ሣጥን በላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ሲሆን በዓመት ከሦስትና ከአራት ጊዜ በላይ አይወርድም። የክርስቲያን ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። ይህን ሥርዓት ያመጣችው እናቴ ናት። ከወሎ ስትመጣ ከእርሷ ጋር የመጣ ዕቃ የለም፤ ይህ ልማድ ግን መጥቷል። በእርሷ አገር ከአንድ አያት የተወለዱ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዶች በሠርግም በሐዘንም ይጠራራሉ፤ የሚጠራውም ሰው የሚበላለት ሳያዘጋጅ አይጠራም። የእኛ ጎረቤት በርታ ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ ሴት፤ ልጆቼ ‹‹ሀቦባ›› ይሏቸዋል፤ ሱዳኖች አያትን የሚጠሩበት ስም ነው። የበርታ ሰው ዘመዱ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ስለሆነ ዐረብኛው በከተማችን እንግዳ ቋንቋ አይደለም፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል የገባው ስደተኛ ብዙ ነው፤ ዐረብኛውም በገበያው ውስጥ በዝቷል።

እንግዲህ ሁለት አውራ ዶሮ ገዛን፤ እያንዳንዱ ከሺህ ብር በላይ። አንዱን እኔ በስመ አብ ብዬ አረድኩ። ሌላውን የሀቦባ የልጅ ልጅ መጥቶ ቢስሚላህ ብሎ አረደው። ልጆቹ ቆመው ያያሉ።

‹‹ይኼኛው ዶሮ ሙስሊም ነው?›› አለ ትንሹ።

‹‹ዶሮ ሃይማኖት የለውም›› አልኩት።

‹‹ታዲያ ለምን በአንድ ድስት አይሠሩም?››

እህቱ በታላቅነት ጣልቃ ገባች። ‹‹መጀመሪያ ምንም አልነበሩም። ሲታረዱ ነው የሆኑት›› አለች። ከዚያም ትንሽ አሰበችና ወደ እኔ ዞረች። ‹‹አባዬ፣ እኛስ? ሲወልዱን ነው ወይስ በኋላ ነው የምንሆነው?››

ባለቤቴ ከማጀት ሆና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ጥያቄው የሃይማኖት አልነበረማ። ከበዓሉ በፊት በነበረው ሳምንት ከትምህርት ቤቷ አንድ ቅጽ ይዛ መጥታ ነበር። የተማሪው ስም፣ የእናት ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፤ ከዚያም ‹‹ብሔር›› የሚል መስመር። መስመሩ አጭር ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ይይዛል።

ስለ ምሳው ብዙ አልጽፍም፤ ሁሉም የኢትዮጵያ ቤት ያውቀዋል። ሌሊት ቅዳሴ፣ ልጆቹ በነጠላ ተጠቅልለው መሬት ላይ እንደ ተኙ ማለቁ፣ ጠዋት ቄጠማ፣ ድፎ ዳቦ፣ ሁለቱ ዶሮዎች በየድስታቸው። ሀቦባ ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። አስቀድመው የሚልኩት ስኳር ነው፤ ቀጥሎ የሚያጤሱት ይመጣል፤ ቡናው ሲፈላ የእናቴ ዕጣንና የእርሳቸው የሱዳን ዕጣን በአንድ ማጨሻ ላይ ይገናኛሉ። ሥጋው አይገናኝም፤ ጢሱ ይገናኛል። ሁለቱ አሮጊቶች ይህን ሲያደርጉ ንግግር የላቸውም፤ እናቴ በርታኛ አትችልም፣ የሀቦባ አማርኛ ደግሞ የገበያ አማርኛ ነው። ትልቋ ልጄ ግን ከሀቦባ ግቢ ብዙ ስለምትውል የበርታ ቃላት ለቅማለች፤ ለአያቷም ትተረጉማለች። አንዳንድ ጊዜ ከራሷ እየጨመረች እንደምትተረጉም ጠርጥሬያለሁ።

የከተማ አንባቢ ይህን ሲያነብ ‹‹ድሮውንም ሕዝቡ ተፋቅሮ ነው የሚኖረው፤ ፖለቲከኞቹ ናቸው›› ብሎ እፎይ እንዳይል እፈራለሁ። ይህ አባባል ለበዓል ፕሮግራም የተመቸ ነው፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይወሳሰባል። አንደኛ ነገር፣ ሀቦባ የሚያከብሩት በዓል በዚህች አገር ብሔራዊ በዓል የሆነው ሙስሊሞች በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ ከጠየቁ በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው። ድስቱ ከዚያ በፊትም በእናቴ እናት ቤት ነበር፤ በመንግሥት መዝገብ ግን ሀቦባ አልነበሩም። ሁለተኛ፣ በሰኔ 2010 ዓ.ም. አሶሳ በብሔር ግጭት ስትታመስ ሁላችንም በራችንን ዘጋን። እኛ ዘጋን፤ ሀቦባም ዘጉ። ማንም ማንንም በአጥር አልጠራም። በአራተኛው ቀን ‹‹ጨው አላችሁ?›› የሚል ድምፅ መጣ። ጨው እንዳላቸው እናቴ ታውቃለች፤ እርሳቸውም እንደምታውቅ ያውቃሉ። ሰጠቻቸው። ፍቅር ለማለት አልደፍርም። ሁለት ሰዎች በፍርሃት መካከል የከፈቱት ቀዳዳ ነበር፤ የእኔ ልጆች የሚጫወቱት ያ ቀዳዳ ሰፍቶ በር ስለሆነ ነው።

በነገራችን ላይ ‹‹ሸጎሌ›› በሚባለው የአዲስ አበባ ሰፈር የሚያልፍ ሁሉ ሳያውቀው የአሶሳን ገዥ ስም ይጠራል። የሰፈሩ ስም ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የመጣ ነው፤ ቤታቸው እዚያ ነበር። አሶሳና አዲስ አበባ ከቴሌቪዥኑ በፊትም ይተዋወቁ ነበር ለማለት ያህል ነው።

ወደ መስመሩ ልመለስ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የክልላችን ሕገ መንግሥት በሁለተኛው አንቀጹ በክልሉ ሌሎች ሕዝቦችም እንደሚኖሩ ዕውቅና ይሰጥና የክልሉ ‹‹ባለቤት›› ብሔር ብሔረሰቦች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው ይላል። አማርኛችን አንዳንድ ጊዜ ተንኮለኛ ነው። ‹‹ባለቤት›› ማለት የንብረት ጌታ ነው፤ ‹‹ባለቤቴ›› ማለት ደግሞ የትዳር ጓደኛዬ። በሕጉ ቋንቋ ባለቤቴ ባለቤት ናት፤ እኔ የባለቤት ባል ነኝ። በአሶሳ የተወለድኩት እኔ፣ ከአባይ ማዶ የመጣችው እርሷ። እናቴ ይህን ስነግራት ‹‹እንግዲያው የቤቱን ኪራይ ለእርሷ ክፈላት›› አለችኝ።

ቀልዱን ትተን ቁጥሩን እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ክልሉ ውስጥ ሰባት መቶ ሰማንያ አራት ሺህ ያህል ሰው ይኖር ነበር። ከዚህ ውስጥ በርታ ሃያ ስድስት በመቶ ገደማ፣ አማራና ጉሙዝ እያንዳንዳቸው ሃያ አንድ በመቶ ገደማ፣ ኦሮሞ አሥራ ሦስት በመቶ ገደማ፣ ሺናሻ ስምንት በመቶ የማይሞላ ነበሩ። ቀጣዩን ቆጠራ ፓርላማው በ2011 ዓ.ም. አራዝሞታልና ልጆቼ የሚቆጠሩበት ወረቀት የለም። ለማንኛውም ከክልሉ ሕዝብ ብዙ እጁ ‹‹ሌሎች›› ተብሎ በአንድ ቃል የተጠቀለለ ነው። ነገሩ የወረቀት ብቻ አልነበረም። በ1992ቱ ምርጫ በአሶሳ ዞን ዕጩዎች የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አያውቁም ተብለው እንዳይወዳደሩ ተደረገ፤ አቤቱታው ዞሮ ዞሮ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም በ1995 ዓ.ም. ዕጩው የክልሉን የሥራ ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛን፣ ካወቀ መወዳደር እንደማይከለከል ወሰነ። ውሳኔው ጥሩ ነበር። የመጣው ግን ምርጫው ካለፈ ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛን እንዳላጎድል። የበርታና የጉሙዝ ሰው ‹‹ባለቤት›› የሚለውን ቃል የያዘው ከክፋት አይደለም። ይህ አገር ለረጅም ዘመን ባሪያ የሚፈነገልበት፣ ወርቅ የሚገበርበት፣ በኋላም ማንም ሳይጠይቀው በሺህ የሚቆጠር ሰፋሪ በአንድ ክረምት የወረደበት ነው። እናቴ የመጣችበት ሰፈራ ለእርሷ ከሞት ያመለጠችበት ነው፤ መሬቱን ላጣው የበርታ ገበሬ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እናቴ ራሷ ይህን ታውቃለች። ‹‹እኛ ስንወርድ አንድም ሰው ደስ ብሎት አላየሁም፤ እኔም ደስ አላለኝም›› ትላለች። ‹‹ባለቤት›› የሚለው ቃል ለተዋረደ ሕዝብ የተሰጠ ካሳ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄዬ ካሳው በሰባት ዓመት ልጅ ቅጽ ላይ እስከ መቼ ይከፈላል የሚል ነው።

ደግሞስ ቃሉ ባለቤት የተባሉትን አዳነ? ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ ታጣቂዎች ንጋት ላይ ገብተው ከአንድ መቶ በላይ ሰዎችን በጥይትና በእሳት ገደሉ። ይህን ያለው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ነው፤ የሟቾቹ ቁጥር በኋላ ከዚያም በላይ ሆኗል። ከተገደሉት መካከል ሺናሻዎች ነበሩ። በሕገ መንግሥቱ የክልሉ ባለቤት ናቸው፤ በታጣቂዎቹ ዓይን ግን ‹‹ቀይ›› ነበሩ፤ የቀይ ባለቤት የለም። በዚያ ሰሞን ከመተከል የተፈናቀለው ሰው ከመቶ ሺህ በልጦ ብዙው ቻግኒ፣ ራንች በሚባለው መጠለያ ሰፈረ። የጉሙዝ ሰላማዊ ሰዎችም ተገድለዋል፣ ከቀዬአቸው ተነቅለዋል፤ ስለ እነርሱ የተዘገበው ግን ያነሰ ነው።

የዚያ ዓመት ገና የመጣው በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው። ትልቋ ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ ከእናቷ ጋር ከተነጋገረች አሥራ አራት ቀን ሆኗት ነበር፤ ስልክ ይጠራል፣ አይነሣም፤ ከዚያ መጥራቱንም ተወ። ዶሮ አልታረደም። እናቴ ቄጠማውን ብቻ ጎዘጎዘች፤ ‹‹ሕፃን አለ፣ ቤት ባዶ አይዋልም›› ብላ። ቀትር ላይ ሀቦባ ገቡ፤ ስኳር አልያዙም፤ ከባለቤቴ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ዋሉ። አማርኛቸው ጥቂት ነው ብያለሁ፤ በዚያ ቀን ያችንም አልተጠቀሙባት። የባለቤቴ እናት ከጥምቀት በኋላ ቻግኒ ተገኙ። አጎቷ አልተገኙም። በ2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት ከጉሙዝ ታጣቂዎች ጋር የሰላም ስምምነት ከተፈራረመ በኋላ አማቴ ወደ ቡለን ተመለሱ፤ አሁን በስልክ እንገናኛለን፤ በበዓል ቀን መጀመሪያ የሚደውሉት እርሳቸው ናቸው። ለልጆቼ በሺናሽኛ ይመርቋቸዋል፤ ልጆቹ አሜን የሚሉበትን ቦታ በድምፃቸው ያውቃሉ።

ታዲያ ባለፈው ገና፣ ሀቦባ ከሄዱና ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። የባለቤቴ ሐሳብ ግልጽ ነው። ‹‹ሺናሻ ብለህ ጻፍ›› አለችኝ። ‹‹የነገ ሥራዋ፣ የነገ ዕድሏ እዚህ ነው። አንተ ‹ሌሎች› ሆነህ ያየኸውን እርሷ ለምን ታያለች?›› ልክ ናት። በዚህ ክልል ሥልጣንና ሹመት ሲከፋፈል የነባር ስም ምን እንደሚያስገኝ ያልታየ ነገር የለም። ሆኖም ይህን ስትል በዚያው አፏ ሌላ ነገር ጨመረች፤ ‹‹አጎቴም ሺናሻ ብለው ነበር የጻፉት›› አለች። ከዚያ ተነሥታ ሁለተኛውን ድስት ማጠብ ጀመረች።

በልማዱ ልጅ የሚቆጠረው በአባቱ ነው። ‹‹አማራ›› ብዬ ብጽፍ እውነት ነው፤ ሆኖም ልጄ ወሎን በዓይኗ አላየችም፤ ወሎን የምታውቀው በአያቷ ድስት ነው። ‹‹ሺናሻ›› ብዬ ብጽፍ ያም እውነት ነው፤ እኩሌታው እውነት። ሁለቱን በሰረዝ አያይዤ ልጽፍ ሞከርኩ፤ መስመሩ አልበቃም፤ ኮምፒዩተሩም አይቀበልም ይባላል። መስመሩን ባዶ ብተወው ደግሞ መዝጋቢው በፊቱ ደስ ያለውን ይሞላዋል። እናቴን ጠየቅኋት። እርሷ መጻፍ አትችልም፤ በ1977 ስትመዘገብ ስሟን የጻፉላት ሌሎች ናቸው፤ ስሙንም አሳስተውት እስከ ዛሬ በመታወቂያዋ ላይ ያለው የተሳሳተው ነው። ‹‹እኔን አርባ ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ስም ጠርተውኛል፤ አቤት እላለሁ፤ ወጥ ሠርቼ ልጅ አሳድጌበታለሁ›› አለች። ምክር ይሁን ምሬት አልገባኝም። ሄዳ ተኛች።

የእኔን አቋም የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል፤ ስለ ሌላው ሁሉ አስተያየት ስሰጥ ኖሬ እዚህ ላይ ዝም ማለት አይገባኝም። በእኔ አመለካከት ያ መስመር ከሕፃናት ቅጽ ላይ መውጣት አለበት። ብሔር የለም ለማለት አይደለም፤ የባለቤቴ እናት በሺናሽኛ ሲመርቁ ብሔር መኖሩን በጆሮዬ እሰማለሁ። ቋንቋው ይማር፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የበርታው፣ የጉሙዙ፣ የሺናሻው ቋንቋ ትምህርት መሰጠቱን ደግፌ ጽፌያለሁ፤ ልጄም በርታኛውን በወጉ ብትማር ሀቦባን ከራሷ ሳትጨምር ትተረጉማለች። ክልሉ ለተጎዱት የሚያደላበት ምክንያት አለው፤ ያድላ። ነገር ግን ያንን በድህነት፣ በርቀት፣ ትምህርት ቤት ባልደረሰበት ቀበሌ መለካት ይቻላል። በሰባት ዓመት ልጅ አባት ስም መለካቱ ልጅቱን እናቷንና አባቷን እንድታማርጥ ያደርጋል። እርሷ ደግሞ፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት፣ ሕግ ነው ከተባለች እሺ የምትል ልጅ ናት።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ትንሹ ሽመሉን ከነጥጡ ነቅሎ የገና ዱላ አደረገው። ሥሩ በተፈጥሮው ጎበጥ ያለ ስለሆነ ለሩር መምቻ ተመችቷል። ከሀቦባ የልጅ ልጆች ጋር በመንገዱ ላይ ተሰለፉ። ወገን ሲከፋፈሉ አየኋቸው፤ በምን እንደ ተከፋፈሉ ለማወቅ ከበሩ ቆሜ ጥቂት አዳመጥኩ። ጫማ ያደረገ በአንድ ወገን፣ ያላደረገ በሌላው። ልጄ ጫማውን አውልቆ ወደ አሸናፊዎቹ ዘንድ ሮጠ።

ቅጹ ሰኞ ይመለሳል ተብሏል። መስመሩ ላይ ምን እንደሚጻፍ ከባለቤቴ ጋር ገና አልተስማማንም።